የቆርቆሮው አንበሳ ባለቤት

በዚያን ዘመን በመቱ ከተማ የደርበው እጅ ያላረፈበት ሱቅ ከተገኘ ባለቤቱ ንፉግ ነው ማለት ነበር። በልብስ ሰፊው በር ላይ አፉን የከፈተው መቀስ፣ በጠጅ ቤቱ ግድግዳ ላይ ብርሌ ይዛ የቆመችው አንገተ ረጅም ሴት፣ በወፍጮ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ከጆንያው ይልቅ የወፈረው ባለወፍጮ፣ ሁሉም የእርሱ ሥራዎች ነበሩ። ከሁሉ በላይ ግን ጥቅምት ሃያ ሦስት በመጣ ቁጥር፣ ለዘውድ በዓል ከገበያው መግቢያ ላይ የሚቆመው የክብር በር የደርበው ነበር። ቀርከሃውን ሌሎች ያቆማሉ፤ አቡጀዲውንም ሌሎች ይወጥራሉ። በአቡጀዲው ላይ ዘውዱንና ባንዲራ የያዘውን አንበሳ የሚሥል ግን እርሱ ብቻ ነው። ሥሎ ሲጨርስ በስተቀኝ ከግርጌው «ሠዓሊ ደርበው» ብሎ ይጽፋል። አንበሳውን በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚጨርስ ሰው ለዚህች ጽሕፈት ሙሉ ቀን ይሰጣት ነበር።

ክፋቱ የኢሉባቦር ዝናብ ጥቅምት ነው ብሎ የሚምር አለመሆኑ ነው። በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ አንበሳው ያለቅሳል፤ ዘውዱ ወደ ጎፈሩ፣ ጎፈሩ ወደ እግሩ ይፈስሳል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው ደግሞ በግርጌ ያለው ስም ነበር። ደርበው በዚያ ሰሞን በገበያው በኩል አያልፍም። ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው ስሙ በአደባባይ ስለሚታይባት ስለዚያች ሳምንት ነበርና፣ ስትሟሟ ቆሞ ማየቱን አይወድም።

አባቱ ከነጻነት በኋላ ከመንዝ ተነሥተው ወደዚህ አገር የመጡ ሰው ናቸው። ሥዕልን ጎሬ ላይ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ተማረ። ሰውን መናቅ ግን ከማንም አልተማረም፤ አብሮት የተወለደ ነው። የቡና ነጋዴዎችን ጣታቸው ከመቁጠር በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም ብሎ ይንቃቸዋል። የቢሮ ጸሐፊዎችን ክራባታቸው ከአንገታቸው ይሰፋል ብሎ ይንቃቸዋል። ከጅማ የመጣው ፎቶ አንሺ ድንኳኑን በተከለ ጊዜ ሄዶ በመጋረጃው ቀዳዳ አየና፣ «ይህ መቅዳት ነው፤ መቅዳትን ማሰሮም ይችለዋል» ብሎ ተመለሰ።

ከናቃቸው ነገሮች ሁሉ አብልጦ የናቀው ግን በገዛ ጓሮው ይኖር ነበር። ሚስቱ ተጂቱ የሁሩሙ ልጅ ናት፤ አባቷ ነገራ በዚያ ወረዳ ማር ሲነሣ ስማቸው አብሮ የሚነሣ ሽማግሌ ነበሩ። ሲጋቡ ነገራ ለአማቻቸው በገዛ እጃቸው ከግንድ የፈለፈሉትን ቀፎ ሰጡት። ሁለት ስንጥቅ ሆኖ በሐረግ የታሰረ፣ ውስጡ በመዓዛ ቅጠል ታሽቶ የታጠነ ቀፎ ነው፤ እነርሱ ጋጉራ ይሉታል። በነገራ ቤት ልማድ አማች ቀፎውን በራሱ እጅ ዛፍ ላይ ይሰቅላል። ንብ የገባለት ቀን ከእንግድነት ወጥቶ የቤት ልጅ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ያው የተከበረ እንግዳ ነው፤ ጥሩ ጥሩው ይቀርብለታል፣ የቤቱ ነገር ግን አይወራለትም።

ደርበው ቀፎውን አልሰቀለም። እኔ ሠዓሊ ነኝ፤ ዛፍ ላይ የሚወጣ ጦጣ ነው አለ። ቀፎውን ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር አጋድሞ ቀለም ሲበጠብጥ ይቀመጥበት ጀመር። ነገራ ልጃቸውን ሊጠይቁ በመጡ ቁጥር ቀፎውን ያዩታል፤ ከዚያ የደርበውን ሱሪ ያዩታል፤ ከዚያ ስለ ዝናቡ አንድ ሁለት ቃል ተናግረው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ተጂቱ ደግሞ ምንም ሳትናገር በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ባሏ ከቤት በወጣበት ሰዓት ቀፎውን ትጠርገዋለች፣ በአባቷ ቅጠል ታሸዋለች፣ ታጥነዋለች። ደርበው ወንበሩ በዓመት አንድ ጊዜ ለምን ጥሩ ጥሩ እንደሚሸት ጠይቆ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ አንድ ዓመት ሙሉብርሃን የሚባል የእጅ ሥራ መምህር ከአዲስ አበባ መጣ። ሱሪው ጠባብ፣ መነጽሩ ጥቁር ነው፤ ዝናብ እየዘነበም አያወልቀውም። የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀመንበር ግራዝማች ፈንታሁን ዘንድ ገብቶ፣ የዘንድሮው የክብር በር በከተማው ወጣቶች እጅ ከወዳደቀ ዕቃ ቢሠራ ምን ያህል ዘመናዊ እንደሚሆን አስረዳቸው። ግራዝማች ከበዓል እስከ በዓል ካባቸውን ከማናፈስ በቀር ሌላ ሥራ ያልነበራቸው ሰው ናቸው። የወዳደቀ ዕቃ መግዣ እንደማይጠይቅ ሲሰሙ ዘመናዊነቱ ወዲያው ገባቸው። ከጎሬ የሚመጡት እንግዳ ሹም ደግሞ «ወጣት» የሚለውን ቃል ይወዳሉ ተብሏል።

ለደርበው ማንም አልነገረውም። ወሬውን የሰማው ጠጅ ቤት ውስጥ፣ የራሱ አንገተ ረጅም ሴት ቁልቁል እያየችው፣ ከአንድ ሰካራም ነው። ብርሌውን አስቀምጦ ወጣ። ሲወጣም «ከቆሻሻ አንበሳ» አለ፤ ደግሞ አንድ ጊዜ ዞሮ «ከቆሻሻ» አለ።

ልጆቹ ግን ሥራ ጀምረዋል። ከሶር ወንዝ ዳር ጣሊያን ትቶት ከሄደው የካሚዮን ሬሳ ሁለቱን የፊት መብራቶች ነቅለው አመጡ፤ የአንበሳው ዓይን ሆኑ። ራሱ የላምባ ቆርቆሮ ነው፤ ጥርሱ የሲኒ ስባሪ፣ ጢሙ የጃንጥላ ሽቦ፣ ጎፈሩ የተተረተረ የቡና ጆንያ፣ ጅራቱ የጎማ ከመነዳሪ። ገበያ ላይ አንድ ጣሳ ከወደቀ ሳይነጥር የሚለቅሙት እነርሱ ናቸው ተባለ። እናቶች ድስታቸውን ቤት አስገብተው ቆለፉ።

ደርበው በየቀኑ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ያልፍ ጀመር። መንገዱ አልነበረም፤ አደረገው። ከልጆቹ መካከል ዓያንቱ የምትባል ምላሷ የማይታጠፍ ልጅ ነበረች፤ ሽቦ የምትጠመዝዘው እርሷ ናት። ደርበው አጥሩን ተደግፎ ከንፈሩን ሸርመም አድርጎ፣

«ይህ ምንድነው?» አላት።

«አንበሳ ነው ጋሼ ደርበው።»

«ታሞ ነው?»

«አልታመመም ጋሼ። ሆዱ ገና ስላልመጣ ነው።»

እውነትም አንበሳው ራስና እግር ብቻ ነበር። በርሜል ቢሞክሩ ጉማሬ መሰለባቸው፤ ሌላው ቆርቆሮ ደግሞ ዝገቱ ሲነካ ይረግፋል። ዓያንቱ ሽቦዋን አስቀምጣ በትሕትና፣ ቤቱ የማይፈልገው ከበብ ያለ ነገር እንዳለ ጠየቀችው። ደርበው ብዙም አላሰበም።

«ጓሮዬ አንድ የማይረባ ግንድ ተጋድሟል» አለ። «ለማይረባ አንበሳ ይስማማዋል። ኑና ውሰዱት።»

ወሰዱት። የቀፎው አፍ ከቆርቆሮው ራስ በስተኋላ ገጠመ፤ ከተከፈተው የአንበሳ አፍ ቀጥ ብሎ ወደ ሆድ የሚያስገባ መንገድ ተበጀ። ተጂቱ ከገበያ ስትመለስ ከጠፈጠፉ ሥር ግንድ ያህል ርዝመት ያለው ደረቅ መሬት ጠበቃት። ረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። ለአባቷ ምን ሊላቸው እንዳሰበ ባሏን ጠየቀችው፤ እርሱም አንበሳ ሆነ በያቸው አላት።

በበዓሉ ዋዜማ አንበሳው ከክብር በሩ አናት ላይ በሽቦ ታሰረ። ተጂቱ ልታየው ሄዳ ፊቷ ተለዋውጦ ተመለሰች። ንቦች እያዩት ነው አለች። ጥቂት ናቸው፤ በአፉ ይገባሉ፣ ዙሪያውን ይለካሉ፣ ይወጣሉ። ቤት ፈላጊዎች ናቸው፤ መንጋው የሆነ ቦታ ተንጠልጥሎ ወሬያቸውን ይጠብቃል። አፉን ዛሬውኑ በጨርቅ ቢወትፉት ነገ ሰላም ይውላል፤ ሂድና ንገራቸው አለችው።

ደርበው ሄደ። በእውነት ሊነግራቸው ነው የሄደው ማለት ይቻላል፤ ቢያንስ እስከ ገበያው መግቢያ ድረስ ሐሳቡ ይህ ነበር። ቀና ብሎ ሲያይ ንቦቹን አየ፤ በሲኒው ጥርስ መካከል እንደ ቤታቸው ይመላለሳሉ። አፉን ሊከፍት ሲል ሙሉብርሃን ቀደመው። አንበሳውን በአሮጌ ዓይን ሳይሆን በአዲስ ዓይን መመልከት እንደሚገባ አስተማረው። ቀጥሎም የባንዲራው ጨርቅ ቀለም ደብዘዝ ስላለ፣ ጊዜ ካለው በእርሱ መሪነት እንዲያድሰው ጋበዘው። ንቦቹንስ አይተሃል ወይ ሲለው መምህሩ መነጽሩን ከፍ አደረገና፣ የቀለሙ ሽታ ስቧቸው ነው፣ ሲደርቅ ይሄዳሉ አለው።

ደርበው አፉን ዘጋ። ቤቱ ገብቶ ለተጂቱ «ነገርኳቸው» አላት፤ እንደዚያ ቀን ጥሩ እንቅልፍ ተኝቶ አያውቅም።

በማግሥቱ ሰማዩ ጠራ። ከጧቱ ዝናብ በኋላ የወጣችው ፀሐይ ቆርቆሮውን አሞቀችው። ከተማው ወጣ፤ ከኡካና ከዳሪሙ ሳይቀር ሰው መጣ። ነገራም ከሁሩሙ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጥተው ከፊት ቆመዋል። እንግዳው ሹም ከላንድሮቨር ወርደው ከበሩ ሥር ቆሙ፤ ግራዝማች ካባቸውን አስተካክለው ንግግር ጀመሩ። ደርበው ከሕዝቡ ጀርባ ሆኖ ክንዱን አጣምሮ ነበር። አንበሳው ሥዕል በነበረ ጊዜ ከግርጌው ስሙ ያርፍበት የነበረውን ቦታ እያየ፣ ባዶነቱን ወደደው።

ግራዝማች «የወጣቶቻችን ሥልጣኔ» ከሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ድምፁ መጣ። መጀመሪያ ሰው የወፍጮው ሞተር መሰለው። ከዚያ በሶር በኩል አየሩ ጠቆረና ተንከባለለ፤ መንጋው ከሕዝቡ ራስ በላይ አልፎ በአንበሳው ላይ ፈሰሰ። የጆንያው ጎፈር ሕይወት ዘራ፤ ተንቀሳቀሰ፤ ፊቱን ሸፈነው። አንበሳው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አንበሳ መሰለ። ከበሮ መቺዎቹ ከበሯቸውን ጥለው ሮጡ። ግራዝማች ካባቸውን ከራሳቸው ላይ ጠቅልለው በጭፍን ሲሮጡ ከሙዝ ሻጮቹ መካከል ገቡ። እንግዳው ሹም ላንድሮቨራቸው ውስጥ ገብተው መስኮቱን ዘጉ። የተነደፈ ሰው ጥቂት ነበር፤ ንቦቹ ሥራ ላይ ስለነበሩ ለማንም ጊዜ አልነበራቸውም።

ደርበው ከሕዝቡ ጀርባ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ግራዝማች ከሙዙ ወጥተው፣ ካባቸው ላይ ልጣጭ እንደተለጠፈ፣ ፖሊሶች ጠሩ። በዘውድ በዓል፣ በአንበሳው አፍ ንብ አስገብቶ እንግዳ ማዋረድ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ ወይ ብለው በልጆቹ ላይ ጮኹ። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተጠየቀ መልሱ እስር ቤት ውስጥ ነው የሚገኘው። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞሩ።

ሙሉብርሃን መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር ዓይኑ ትንሽ ነበር። «ዕቃውን የለቀሙት ልጆቹ ናቸው» አለ። «እኔ ቅርጹን ብቻ ነው ያሳየኋቸው።»

ግራዝማች ግንዱን ማን እንዳመጣው ጠየቁ። ልጆቹ ሁሉ ዓያንቱን አዩ። ዓያንቱ ደግሞ በሕዝቡ መካከል አሻግራ ደርበውን አየችው፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። ያ የማይታጠፈው ምላስ ታጠፈ።

ደርበው ሁሉንም በአንድ ጊዜ አሰበው። ዝም ካለ ልጆቹ ይታሰራሉ፤ የቆሻሻ አንበሳም ነገር በዚሁ ያበቃል፤ ለመጪው ዓመት አቡጀዲው ተወጥሮ ይጠብቀዋል፤ ስሙም ከግርጌው ይመለሳል። ከተናገረ የክብር በሩን ዳግመኛ አያይም። ይህን እያሰበ መምህሩን አየው፤ መነጽሩን በመሐረብ ይወለውላል። ደርበው በዕድሜው ብዙ ሰው ንቋል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የናቃቸው ሁሉ ግን ይህን ሰው ለመናቅ መለማመጃ እንደነበሩ ተሰማው።

ከፊት ነገራ ፀሐዩን በእጃቸው ጋርደው ወደ ላይ ያዩ ነበር። ሥራቸውን አወቁት። ፊታቸው በራ፤ ስለ ፖሊሱም ስለ ግራዝማቹም ደንታ ሳይኖራቸው ዞረው አማቻቸውን ፈለጉና፣

«ሶዳ ኮ» አሉት፤ አማቼ ማለታቸው ነው። «ጋጉራህ ንብ ገባለት። እኔ ደግሞ ረስተኸው መስሎኝ ነበር።»

ሕዝቡ ዞረ። ደርበው ሰዉን በክርኑ እየገፋ ወጣ።

«የኔ ነው» አለ።

ግራዝማች ልጣጫቸውን ሳያነሡ ተጠጉት። «አንተ? በሩን ብንነሣህ ተበቀልክ ማለት ነው?»

«ግራዝማች» አለ ደርበው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ላንድሮቨር ውስጥ ግን እንዲሰማ አድርጎ። «አንበሳው ባዶ አፉን ሲያዛጋ ውሎ ቢያድር ነበር ውርደቱ። እነዚህ በገዛ በዓሉ ማር ሊጥሉለት መጡ። እርስዎ ንግግር አመጡ። ከሁለታችሁ ማን እንዳከበረው እንግዳችን ይፍረዱ።»

ሁሉም ወደ መኪናው ዞረ። መስኮቱ በጣት ስፋት ወረደ። እንግዳው ሹም አንበሳውንም ደርበውንም አላዩም፤ ፀሐዩ በርትቶባቸው ነበር። «ምሳው የት ነው?» አሉ። በዚህም የፍርዱ ነገር አለቀ። ፖሊሶቹ መንገድ ሊያስለቅቁ ሮጡ፤ ግራዝማችም ከመኪናው ኋላ ሮጡ። ሲሮጡ ዞረው ለደርበው አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ በር አጠገብ ቀለም ይዘህ እንዳላይህ አሉት። ቃላቸውን ከጠበቁባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ንቦቹ ገብተው ሲረጉ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ልጆቹ አንበሳውን በገመድ አወረዱት። ነገራ አፉን በጋቢያቸው ጫፍ ወተፉት። ተሸክመው ወደ ደርበው ግቢ ወሰዱት። በጓሮው ካለው ዋንዛ ላይ ማን ይወጣ ሲባል ጎበዞቹ ሁሉ ተነሡ፤ ነገራ ግን አይሆንም አሉ፤ ባለቤቱ ነው የሚሰቅለው። ደርበው ጫማውን አወለቀ። ዛፉን፣ ንቦቹን፣ ዘመናዊነትን፣ የሁሩሙን ሰው ሁሉ እየሰደበ ወጣ። ተጂቱ ከሥር መሰላሉን ይዛለች። ከላይ በቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ድምፅዋ ወደ እርሱ መጣ።

«ትናንት በእውነት ነግረሃቸው ነበር?»

ደርበው ገመዱን አጠበቀ። «አልነገርኳቸውም» አለ።

«አውቄአለሁ» አለችው፤ መሰላሉን ግን አልለቀቀችውም።

ሲወርድ ነገራ አንድ ነገር ቀረ አሉት። ቀፎ ያለ ምልክት አይሰቀልም፤ ሌላው ሰው በቢላዋ ጭረት ያደርጋል፣ አንተ የምታውቀውን አድርግ አሉት። ደርበው ቀለሙንና ብሩሹን ይዞ እንደገና ወጣ። አንበሳው ከቅርንጫፉ በታች፣ ዝናብ በማይደርስበት በኩል፣ ሆዱን ወደ መሬት አድርጎ ተኝቷል። ስሙን ከሆዱ ላይ ጻፈ። በዚህ ጊዜ ሙሉ ቀን አልወሰደበትም፤ ጨለማ እየቀደመው ነበር፤ ፊደሎቹም ትንሽ ተንጋደዱ። ከታች ሆና አንገቷን አቅንታ ያነበበችው ዓያንቱ መሆኗን ሲያይ፣ ጽሕፈት ለማንበብ ስትይ ሽቦሽን ከክብር በሩ ላይ ረስተሽ መጥተሻል ብሎ ሰደባት።

በተከታዩ ዓመት የክብር በሩን ከጎሬ የመጣ ሰው በቅርጽ የተቀደደ ቆርቆሮ እየለጠፈ በላዩ ቀባው። ሙሉብርሃን ያን ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ ነበር። ደርበው አንድ ጊዜ ሄዶ በሩን አይቶ ተመለሰ፤ የሚንቀው ነገር እንኳ አጣበት። በዚያው ሰሞን ከሁሩሙ ሲጠራ ጥሩ ጥሩው አልቀረበለትም። ከምድጃው አጠገብ አሮጌ በርጩማ ሰጡትና፣ ነገራና ታናሽ ወንድማቸው ስለ ጠፋች ላም ሲነታረኩ አብሮ እንዲነታረክ ጠየቁት። ተነታረከ፤ ሁሉንም ስለ ላም አንዳች አታውቁም አላቸው።

ማር በሚቆረጥበት ጊዜ ልጆቹ ድርሻችን እያሉ ይመጣሉ። ደርበው ይሰድባቸዋል፤ ተጂቱ በቅጠል ትሰጣቸዋለች። ዓያንቱን ግን ብሩሽ አስይዞ ሥዕል ሲያለማምዳት ቆይቶ ያሰናብታታል፤ የሣልሽው ጢም ወደ ግራ አድልቷል፣ አቅኚው እያለ። ስለ አንበሳው መልክ ደግ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። መንገደኛ በአጥሩ ሲያልፍ ቀና ብሎ የካሚዮን መብራት ዓይኖቹንና በሆዱ ያለውን ስም አይቶ፣ ይህን የሠሩት እርስዎ ነዎት ወይ ብሎ ሲጠይቀው ደርበው አፍንጫውን ይነፋል።

«የሠሩትማ ልጆች ናቸው፤ ያስታውቃል» ይላል። «እኔ ባለቤቱ ነኝ።»